የጭነት ተሳቢን ወደ ቤተሰብ ማደሪያ ስለ መለወጥ

«ተሳቢ» የሚለውን ቃል በሰዋስው ትምህርታችሁ ታውቁታላችሁ። «ገበሬው በሬውን ጠመደ» ባልን ጊዜ በሬው ተሳቢ ነው፤ የግሡ ድርጊት ወደ እርሱ ስለሚሳብ «ን» የሚለውን ምዕላድ ይቀበላል። ሹፌሮችና መካኒኮች ግን ይህንኑ ቃል ለሌላ ነገር ይጠሩበታል። በእነርሱ ዘንድ ተሳቢ ማለት የራሱ ሞተር የሌለው፣ በመኪና ኋላ ተያይዞ የሚጎተት ባለ ጎማ የጭነት ማመላለሻ ነው። ሁለቱም ትርጉሞች የሚመነጩት «ሳበ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ሳቢ፣ ተሳቢ፣ መሳቢያ እየተባሉ የሚረቡት ስሞች ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ተሳቢ ነው። መሳቢያንም ቢሆን ወደ ኋላ፣ ስለ ዕቃ ማስቀመጫ በምንናገርበት ስፍራ እናገኘዋለን።

በአገራችን ተሳቢ ሲባል በዐይነ ሕሊናችን የሚመጣው ከከባድ መኪና ጀርባ ተያይዞ ከጅቡቲ ወደብ ወደ መሐል አገር ጭነት የሚያመላልሰው ረጅሙ ነው። በሰሜን አሜሪካ ግን በትንሽ የጭነት መኪና የሚጎተት፣ አራት ግድግዳና ጣሪያ ያለው፣ በቆርቆሮ የተለበጠ ሣጥን መሰል ተሳቢ በየሰፈሩ ቆሞ ይታያል። አናጢው መሣሪያውን፣ ሙዚቀኛው ከበሮውን፣ የሞተር ብስክሌት ነጂው ሞተሩን ይጭንበታል። ከጊዜ ወደ ጊዜ ደግሞ ብዙ ቤተሰቦች ይህን ባዶ ሣጥን እየገዙ በውስጡ አልጋ፣ ምድጃና መብራት በማስገባት፣ ዕቃም ሰውም የሚይዝ ተጓዥ ቤት ያደርጉታል። ሥራው ቀላል መስሎ ይታያል፤ ሣጥኑ ተሠርቶ ያለቀ ነውና። ነገር ግን ለዕቃ የተሠራ ነገር ለሰው ሲውል ምን ምን መለወጥ እንዳለበት ያላስተዋለ ሰው ቤተሰቡን ለአደጋ ያጋልጣል። ዕቃ አይተነፍስም፤ ዕቃ ከውስጥ ሆኖ በር መክፈት አያስፈልገውም፤ ዕቃ በጭስ አይታፈንም።

በፋብሪካ የተሠራ የመንገደኛ ተሳቢ ቤት እያለ ይህን ሁሉ ድካም ለምን ይመርጣሉ? አንዱ ምክንያት ዋጋ ነው። ሌላውና የሚበልጠው ግን ጥንካሬ ነው። ብዙዎቹ የፋብሪካ ተሳቢ ቤቶች ግድግዳቸው በቀጫጭን እንጨትና በሙጫ የተያያዘ ስለ ሆነ፣ አስፋልት ላይ ደኅና ቢቆዩም፣ በጠጠርና በኮረኮንች መንገድ ሲንገጫገጩ መጋጠሚያቸው ይላቀቃል፤ በላላው መጋጠሚያ ውሃ ይገባል፤ ውሃ የገባበት እንጨት ይበሰብሳል። የጭነት ተሳቢው ግን ከወለሉ እስከ ጣሪያው በብየዳ የተያያዘ የብረት አጽም አለው።

ኮረኮንች መንገድ ተሳቢን እንዴት እንደሚፈትን ለማወቅ ከታሪክ አንድ ምሳሌ መጥቀስ ይቻላል፤ ምሳሌውም አገራችንን ይነካል። ኤርስትሪም የተባለውን በአሉሚኒየም የተለበጠ ተሳቢ ቤት የሚሠራውን ኩባንያ የመሠረተው አሜሪካዊ ዋሊ ባያም፣ እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1960 ዓ.ም. 41 ተሳቢ ቤቶችን አስከትሎ ከደቡብ አፍሪካ ከኬፕታውን ተነሥቶ እስከ ካይሮ ተጉዟል። ይህ ረጅም ጉዞ በኢትዮጵያም በኩል ያለፈ ሲሆን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተጓዦቹን ተቀብለዋቸዋል። በዚያን ዘመን ከአስፋልት የራቀው የአፍሪካ መንገድ ለእነዚያ የሚያብረቀርቁ ቤቶች ምሕረት አላደረገላቸውም። ለውበትና ለምቾት የተሠራ ተሳቢ ከመንገዱ ጠባይ ጋር መታገል ይኖርበታል። ዛሬ የጭነት ተሳቢን የሚመርጡ ሰዎች የሚነሡት ከተቃራኒው ጫፍ ነው፤ በመጀመሪያ ጥንካሬን ይገዛሉ፤ ምቾትን በኋላ ይጨምሩበታል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ያሉት፣ በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት በዴንቨር ከተማ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እናስብ። ቤተሰቡ አራት ብስክሌቶች አሉት። በዕረፍት ጊዜውም ተራራውን ተሻግሮ በዩታ ክፍለ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ሞአብ፣ ቀያይ ቋጥኞች ወዳሉበት በረሃ መሄድ ይወዳል። በዚያ አካባቢ ሰፊ የሕዝብ መሬት ይገኛል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የመሬት አስተዳደር ቢሮ ወደ 100 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት የሚያስተዳድር ሲሆን፣ በብዙው ላይ ማንም ሰው ያለ ክፍያ መስፈር ይችላል፤ በአንድ ስፍራ የሚቆይበት ጊዜ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ተወስኗል። በዚያ የውሃ ቧንቧ፣ የመብራት መስመር፣ የመጸዳጃ ቤት የለም። ስለዚህ ቤተሰቡ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ መሄድ አለበት።

ተሳቢው በአገሩ መለኪያ በጫማ ይለካል። 6 ጫማ በ12 ጫማ የሆነው በሰፊው የሚሸጥ ሲሆን፣ በሜትር ወርዱ 1.83፣ ርዝመቱ 3.66 ነው። ብዙ ሰዎች በርካሽነቱ ተስበው ይህን ይገዙና ኋላ ይቸገራሉ። ግድግዳው ሙቀት መከላከያና የውስጥ ልባስ ከተደረገለት በኋላ የውስጥ ወርዱ ወደ 1.70 ይወርዳል፤ ስለዚህ ቁመቱ 1.80 የሆነ ሰው በወርዱ ሊተኛ አይችልም፤ አልጋው በርዝመቱ መዘርጋት ግድ ይሆንበታል፤ በርዝመቱ ከተዘረጋ ደግሞ ግማሹን ቤት ይበላል። 7 ጫማ በ14 ጫማ የሆነው ግን ወርዱ 2.13፣ ርዝመቱ 4.27 ሜትር ስለ ሆነ ሰው በወርዱ ይተኛል፤ ከአልጋው ፊትም ለወጥ ቤት የሚበቃ ቦታ ይተርፋል። የ30 ሳንቲ ሜትር ልዩነት የቤቱን አከፋፈል ሁሉ እንደሚለውጥ ልብ በሉ።

ከመግዛታችሁ በፊት ከሥር ገብታችሁ ተመልከቱ። ሻጩ የሚያሳያችሁ ቀለሙንና በሩን ነው፤ ዕድሜውን የሚወስነው ግን ሻንሲው ነው። ወለሉን የሚሸከሙት አግዳሚ ብረቶች በርካሾቹ ተሳቢዎች 61 ሳንቲ ሜትር ያህል ተራርቀው ይበየዳሉ፤ በጠንካሮቹ ርቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የግድግዳው ቋሚዎችም እንዲሁ። ለኮረኮንች መንገድ ሁለተኛው ይመረጣል።

ስለ እገዳው ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው በእኛም አገር የታወቀው ባሌስትራ ነው። ሁለተኛው በብረት ቱቦ ውስጥ የጎማ ገመድ ታፍኖ፣ ጎማው በመጠማዘዙ ንዝረቱን የሚያቀዘቅዝበት ዓይነት ነው። ሁለተኛው በአስፋልት ላይ ለስለስ ያለ ሲሆን ድምፁም ትንሽ ነው። ሆኖም በቱቦው ውስጥ ያለው ጎማ ከደከመ ወይም የመንኮራኩሩ ክንድ ከተጣመመ በመንገድ ላይ የሚደረግለት ነገር የለም፤ አክስሉ ሙሉ በሙሉ መለወጥ አለበት። የባሌስትራ ቅጠል ቢሰበር ግን መለዋወጫው በየትንሹ ከተማ ይገኛል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከከተማ ርቆ ለሚሄድ ቤተሰብ ባሌስትራ ይሻላል። ከተቻለም የተሳቢው ጎማና ቸርኬ ከሳቢው መኪና ጋር አንድ ዓይነት ቢሆን መልካም ነው፤ ያን ጊዜ አንዱ ስኮርታ ለሁለቱም ያገለግላል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ጉዳይ እንመልከት፤ እርሱም ክብደት ራሱ ነው።

ሁለት አክስል ያለው የ7 በ14 ተሳቢ እያንዳንዱ አክስል 3,500 ፓውንድ እንዲሸከም ተደርጎ ስለሚሠራ፣ ጠቅላላ ክብደቱ ከ7,000 ፓውንድ ወይም ከ3,175 ኪሎ ግራም መብለጥ የለበትም። ባዶውን 1,000 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል እንበል። ልባሱ፣ አልጋው፣ ቁም ሣጥኑና ባትሪው 450 ኪሎ፣ ውሃው 120 ኪሎ፣ አራቱ ብስክሌቶች 60 ኪሎ፣ ምግብ፣ ልብስ፣ ድንኳንና መሣሪያ 350 ኪሎ ቢሆኑ ድምሩ 1,980 ኪሎ ግራም ይመጣል። ከወሰኑ ብዙ ዝቅ ያለ ነው። ግን ይህ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ሳቢው መኪናም የራሱ ወሰን አለው፤ ከዚያም ይልቅ የጭነቱ መጠን ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበት ስፍራ ይወስናል።

ይህን ለመረዳት ባለ ሁለት ጎማ የፈረስ ጋሪን አስቡ። ጋሪ ነጂ ተሳፋሪዎቹን ሲያስቀምጥ በዘፈቀደ አይደለም። ሰዎቹ ሁሉ ወደ ኋላ ካደሉ የጋሪው ዘንጎች ወደ ላይ ይነሡና በፈረሱ ሆድ ሥር የታሰረው ጠፍር ፈረሱን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ሁሉም ወደ ፊት ከመጡ ደግሞ የፈረሱ ጀርባ ይጎብጣል። ብልኅ ነጂ ክብደቱ በመጠኑ ወደ ፊት እንዲያደላ ያደርጋል። ተሳቢም እንዲሁ ነው። ከጠቅላላ ክብደቱ ከመቶ 10 እስከ 15 የሚሆነው በመጎተቻው ጫፍ በኩል በሳቢው መኪና ላይ ማረፍ አለበት። በምሳሌያችን ከ198 እስከ 297 ኪሎ ግራም መሆኑ ነው።

ከዚህ ቢያንስ ምን ይመጣል? ተሳቢው በቀስታ ሲሄድ ምንም ምልክት አይታይበትም። ፍጥነት ሲጨምር ግን፣ ነፋስ ወይም በአጠገቡ የሚያልፍ ከባድ መኪና ገፋ ሲያደርገው ጭራው ወደ ጎን ይወዛወዛል። ከአክስሉ ኋላ ያለው ክብደት ውዝዋዜውን ከማብረድ ይልቅ ያባብሰዋል፤ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከፊተኛው ይሰፋል፤ ጥቂት ሴኮንዶች ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሳቢው መኪና ጭራ አብሮ ይወሰድና ሁለቱም ይገለበጣሉ። በዚህ ጊዜ መሪን ወዲያና ወዲህ ማዞር ወይም የመኪናውን ፍሬን በድንገት መርገጥ አደጋውን ያፋጥነዋል። የሚደረገው መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ነዳጅ መስጫውን መልቀቅና፣ በእጅ የሚታዘዘውን የተሳቢውን ፍሬን ብቻ መያዝ ነው፤ ተሳቢው ወደ ኋላ ሲጎትት ሁለቱ እንደ ገና በአንድ መስመር ይሰለፋሉ።

ስለዚህ ቤተሰቡ ከመሄዱ በፊት ተሳቢውን መመዘን አለበት። በአሜሪካ በብዙ የከባድ መኪናዎች ማረፊያዎች የክፍያ ሚዛን ይገኛል። መጀመሪያ ተሳቢው ከመኪናው ጋር እንደ ተያያዘ የተሳቢው ጎማዎች ብቻ በሚዛኑ ላይ ይቆማሉ፤ 1,730 ኪሎ ቢሆን ይመዘገባል። ቀጥሎ ተሳቢው ተፈትቶ በክሪኩ ላይ እንደ ቆመ ብቻውን ይመዘናል፤ 1,980 ሆነ እንበል። ልዩነቱ 250 ኪሎ፣ ከመቶ 12.6 ያህል ነው፤ ይህም በወሰኑ ውስጥ ይገኛል። የውሃው በርሚል ከአክስሎቹ በላይ ወይም ከእነርሱ በጥቂቱ ወደ ፊት እንዲቀመጥ የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በርሚሉ በኋለኛው ጫፍ ቢሆን፣ ሲሞላ አንድ ዓይነት፣ ሲጎድል ሌላ ዓይነት ሚዛን ይፈጥራል።

ከዴንቨር ወደ ሞአብ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በአይዘንሃወር ዋሻ በኩል ያልፋል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሚሆን ተርቦ የሌለው ሞተር ወደ ሲሶ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። የሚያስፈራው ግን ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ የወረደ ሹፌር ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በፍሬን ብቻ የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬንም አይዝም። በከባድ ማርሽ መውረድ ያስፈልጋል። ተሳቢውም በሁሉም ጎማው ላይ የራሱ የኤሌክትሪክ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ሕጉ ከ3,000 ፓውንድ በላይ ለሚመዝን ተሳቢ ፍሬን ያስገድዳል፤ ጥቂቶቹ ወሰኑን ከዚህ ዝቅ ወይም ከፍ ያደርጉታል። ከመያዣው ሌላ ሁለት ሰንሰለቶች በመጎተቻው ሥር ተመሳቅለው መታሰር አለባቸው። የሚመሳቀሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ መያዣው ቢለቅ የመጎተቻው ጫፍ መሬት ወግቶ ተሳቢው እንዳይገለበጥ፣ የተመሳቀሉት ሰንሰለቶች እንደ ወንጭፍ ሆነው ያቅፉታል።

የተሳቢው አካል ሲዘጋጅ በመጀመሪያ መታየት ያለበት በሩ ነው። የጭነት ተሳቢ የኋላ በር ብዙውን ጊዜ በውጭ በኩል በብረት መወርወሪያ ይዘጋል፤ ከውስጥ መክፈቻ የለውም። የጎን በሩም በአንዳንዶቹ እንዲሁ ነው። ለሳጥንና ለመሣሪያ ይህ ጥሩ ነው፤ በውስጡ ሁለት ልጆች ለተኙበት ቤት ግን ወጥመድ ነው። ነፋስ በሩን ቢገፋውና መወርወሪያው ቦታው ውስጥ ቢወድቅ፣ ወይም መንገደኛ ለቀልድ ቢዘጋው፣ በእሳት ጊዜ መውጫ አይኖርም። ስለዚህ ከአልጋና ከምድጃ በፊት ከውስጥም ከውጭም የሚከፈት ቁልፍ ይገጠማል። ከዚህም ጋር በተቃራኒው ጫፍ፣ ሰው ሊሾልክበት የሚችል፣ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ይበጃል። ምድጃው በበሩ አጠገብ ከሆነ እሳቱ የሚነሣው በመውጫው ላይ ነውና አንድ መውጫ ብቻ ያለው ቤት መውጫ እንደሌለው ይቆጠራል።

መስኮት ለመክፈት ቆርቆሮውን መቁረጥ አስቸጋሪ አይደለም፤ ከቆርቆሮው ጀርባ የቆሙትን ብረቶች መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ግድግዳው ጥንካሬውን የሚያገኘው ከእነርሱ ነው። መስኮቱ በሁለት ቋሚዎች መካከል እንዲውል መጠኑን መምረጥ ይሻላል፤ ይህ ካልተቻለ በተቆረጠው ፈንታ በመስኮቱ ዙሪያ የቱቦላሬ ብረት ክፈፍ በብየዳ ይተካል።

ቀጥሎ የሚመጣው ላብ ነው። በብርድ ሌሊት አንድ የተኛ ሰው በእስትንፋሱና በቆዳው ሩብ ሊትር ያህል ውሃ ወደ አየር ይለቃል። አራት ሰዎች በአንድ ሌሊት አንድ ሊትር ገደማ ይለቃሉ ማለት ነው። ይህ ተን ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጥና ንጋት ላይ ከጣሪያው ይንጠባጠባል፤ ፍራሹ ይርሳል፤ ከግድግዳው ጀርባ ሻጋታ ይበቅላል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም። በቋሚ ብረቶቹ መካከል 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጣር የፎም ሰሌዳ ተጣብቆ ጠርዙ ሁሉ ይደፈናል። ብረቶቹ ራሳቸው ግን ብርድን ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያሻግሩ ድልድዮች ስለ ሆኑ በላያቸው ስስ ፎም ወይም የእንጨት ቅጥ ሳይደረግ ኮምፔርሳቶው በቀጥታ መመታት የለበትም። ሁለተኛው መድኃኒት አየር ነው። በጣሪያው ላይ 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ በ36 የሆነ ቀዳዳ ተከፍቶ በ12 ቮልት የሚሠራ የአየር ማውጫ ይገጠማል፤ በተቃራኒው ጫፍ ደግሞ ዝቅ ብሎ የአየር መግቢያ ይኖራል። መግቢያ ከሌለ ማውጫው የሚያወጣው አየር ከየት ይመጣል? ብዙ ሰዎች ብርድን ፈርተው ሁሉን ይደፍናሉ፤ ከዚያም ስለ ሻጋታው ያማርራሉ።

የውስጡ አከፋፈል እንደየቤተሰቡ ፍላጎት ይለያያልና ብዙ አንልበትም። በምሳሌያችን የወላጆች አልጋ በኋለኛው ጫፍ ከወለሉ 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በወርዱ ይዘረጋል፤ ብስክሌቶቹ በሥሩ ይገባሉ። የልጆቹ አልጋዎች በጎን ተደራርበው ቀን ቀን ወደ ግድግዳው ይታጠፋሉ። ወጥ ቤቱ ወደ ፊት፣ ከበሩ አጠገብ ይሆናል። ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አያያዙ ነው። ቁም ሣጥንና አልጋ የሚታሰሩት በኮምፔርሳቶው ላይ በተመታ ምስማር ሳይሆን እስከ ብረቱ በዘለቀ ብሎን ነው፤ ዳዶውም በንዝረት የማይላላው፣ በውስጡ የናይሎን ቀለበት ያለው ዓይነት ይሁን። ሞገድ በመሰለ የጠጠር መንገድ ላይ ለሦስት ሰዓት የተንቀጠቀጠ ተሳቢ ያልታሰረውን ሁሉ ያወርዳል። ቃል የገባንለትን መሳቢያ የምናገኘው እዚህ ላይ ነው፤ መቆለፊያ የሌለው መሳቢያ በመጀመሪያው ጉድጓድ ይከፈትና ማንኪያና ሹካውን በወለሉ ላይ ይበትናል። ቤንዚንና ቤንዚን ያለበት ሞተር ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ አይገባም፤ ከውጭ ይታሰራል።

የኤሌክትሪኩ ሥራ በሒሳብ ይጀመራል። ትንሽ ማቀዝቀዣ በቀን 500 ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ የአየር ማውጫው በ24 ዋት ለ8 ሰዓት ቢሠራ 192፣ አራት ባለ 3 ዋት አምፖሎች ለ4 ሰዓት ቢበሩ 48፣ ስልኮች 60፤ ድምሩ 800 ዋት ሰዓት ነው። 12.8 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ 1,280 ዋት ሰዓት ይይዛልና ያለ ፀሐይ አንድ ቀን ተኩል ያህል ያቆያል። በጣሪያው ላይ 200 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ ቢደረግ፣ በጠራ የዩታ ሰማይ ሥር የዕለቱን ፍጆታ አብዛኛውን ይተካል። እንዲህ ያለው ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች እያለ ቢሞላ ይበላሻል፤ ስለዚህ በክረምት የሚጓዝ ሰው ባትሪውን በሙቀት መከላከያው ውስጥ ያስቀምጠዋል። ፊውዙ ከባትሪው ጥግ መሆን አለበት። ራቅ ብሎ ከተደረገ በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለው ሽቦ ጥበቃ የለውም፤ በንዝረት ተፍቆ ሻንሲውን የነካ ሽቦ ቤቱን ያቃጥላል።

ስለ እሳትና ጋዝ ሳይነገር አይታለፍም። በጠባብና በተደፈነ ክፍል ውስጥ ከሰል፣ ቤንዚን ወይም ጋዝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ይፈጠራል። ይህ መርዝ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይያያዛል፤ የተያዘው ሰው ራሱን ያመዋል፤ ይደክመዋል፤ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ አይነቃም። በአገራችንም በክረምት ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተው፣ በር ዘግተው በተኙ ሰዎች ላይ ይህ አደጋ መድረሱ የታወቀ ነው። ስለዚህ በተሳቢው ውስጥ የሚገጠመው ማሞቂያ ለማቃጠያው አየር ከውጭ የሚስብና ጭሱን በቧንቧ ወደ ውጭ የሚያወጣ መሆን አለበት፤ ነበልባሉ ከክፍሉ አየር ጋር መገናኘት የለበትም። ጭስ ባይኖር እንኳ ውሃ አለ፤ 1 ኪሎ ግራም ፕሮፔን ሲነድ 1.6 ኪሎ ግራም ያህል የውሃ ተን ይሰጣል፤ ላቡን የተዋጋነው በከንቱ ይሆናል። ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ፣ ከቧንቧ ካመለጠ በወለሉ ላይ እንደ ውሃ ይተኛል። ስለዚህ የፕሮፔን ማስጠንቀቂያው ደወል ከወለሉ አጠገብ ይሰቀላል፤ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን መርዙ ከአየር ጋር ስለሚቀላቀል በተኙት ሰዎች ራስጌ አካባቢ ይሆናል። ሲሊንደሩ ከውጭ፣ በመጎተቻው ብረት ላይ ይታሰራል።

ሥራው ካለቀ በኋላ የመዝገብ ጉዳይ ይቀራል። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች የጭነት ተሳቢ ወደ ማደሪያ ሲለወጥ ሰነዱም እንዲለወጥ ይጠይቃሉ፤ ሌሎቹ አይጠይቁም። መድን ሰጪው ኩባንያ ግን ሳያውቅ መቅረት የለበትም። በጉዞ ላይ ሰው በተሳቢው ውስጥ መቀመጥ በብዙ ክፍለ ግዛቶች የተከለከለ ነው፤ ሕጉ ባይከለክልም እንኳ የማይደረግ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ አጭር ይሁን፤ ከቤት አንድ ሰዓት በማይርቅ ስፍራ አንድ ሌሊት ማደር ይበቃል። የጎደለው ሁሉ በዚያች ሌሊት ይታያል። የጎማው ዳዶዎች ከተጠበቁ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ቦታቸውን ሲይዙ በጥቂቱ ስለሚላሉ፣ ከ16፣ ከ40ና ከ80 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆሞ በመለኪያ ቁልፍ እንደ ገና ማጥበቅ ያስፈልጋል። በቆማችሁ ቁጥር እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ የመንኮራኩር እምብርት በጥንቃቄ አስጠጉ። ለብ ያለ ከሆነ ደኅና ነው። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ግን ወይ ፍሬኑ ይዟል፣ ወይ ኩሽኔታው ግሪስ አጥቷል፤ እርሱ ሳይፈታና ሳይታይ ጉዞው አይቀጥልም።